ሊብሬውን ብቻ ሳይሆን ኮፈኑንም ይክፈቱ፦ በአሮጌ አውቶሞቢል ሞተር ላይ የሚደርሱ የተለመዱ ችግሮች

በጥር ወር 2011 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ያገለገለች ቶዮታ ኮሮላ ገዛ። አገሬው «ዲኤክስ» እያለ የሚጠራት፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1983 የተመረተችው ዓይነት ነች። ልጁ የበርበሬ ነጋዴ ነው። በቡሬና በወምበርማ ገበያዎች እየዞረ ይገዛል፣ ለጅምላ ነጋዴዎች ያስረክባል። መኪናዋ የተገዛችበት ሁለት መቶ ሠላሳ ሺህ ብር የተጠራቀመው ከእሱ ቁጠባ፣ ከእናቱ ዕቁብና ከአንድ ማሳ ባሕር ዛፍ ሽያጭ ነበር።

ሕግ የተማርኩ አጎት በመሆኔ ውሉን የማየቱ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። ሊብሬውን አገላበጥኩ፤ ዕዳና ዕገዳ እንደሌለባት አጣራሁ፤ የሻጩን የጋብቻ ሁኔታ ሳይቀር ጠየቅሁ። ደላላው ሞተሩን አስነስቶ «ስማው እስቲ፣ ሰዓት ማለት ነው!» ሲል እኔም እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። በማግስቱ እህቴን ለመጠየቅ አብሬው ተሳፈርኩ።

ጎሃ ጽዮን ድረስ ያለ ችግር ደረስን። ዓባይን ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ከጀመርን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ነካ፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሳ። ውኃ እየጨመርንና እያሳረፍን ፍኖተ ሰላም የገባነው ሌሊት ነበር። ጠዋት አንድ አንጋፋ መካኒክ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዞ አሳየን። ዘይቱ ወተት እንደገባበት ቡና ነጥቷል። «ጋሼ፣ ይቺ ቴስታታ ከዚህ በፊትም ተበይዳለች» አለኝ። ሞተሩ ወረደ፤ የጥገናው ወጪ የመኪናዋን ዋጋ ሲሶ ወሰደ። እህቴ ለእኔ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ለጎረቤቷ ግን «የተማረ ሰው ነበር እኮ አብሮት የሄደው» ስትል ሰምቻታለሁ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያች ንግግር መልስ እንዲሆን ነው። መካኒክ አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ ግን መካኒኮችን መጠየቅ፣ የአምራቹን የጥገና መጽሐፍ ማንበብ፣ ኮፈን መክፈት ተምሬያለሁ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ለመኪና ገዢም ይሠራል።

ለምን አሮጌ መኪና?

አማራጭ ስለሌለ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ዕድሜያቸውን መሠረት ያደረገ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የማይችል፣ ወይም ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት ወረዳ የሚሠራ ሰው የሚቀረው አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል ነው። ስለዚህ የሃያ፣ የሠላሳና የአርባ ዓመት መኪና ገና ብዙ ገዢዎችን ያያል ማለት ነው።

ለጎጃም ተጓዥ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብም ያልፋል። ክልሉ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ ግጭት ከገባ ወዲህ ነዳጅና መለዋወጫ የጠፋባቸው፣ መንገድም የተዘጋባቸው ወራት ብዙ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ መንገድ ላይ የቆመ መኪና የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ከፍታው ምን ያደርጋል?

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ከዚህም ሁለት ነገሮች ይከተላሉ።

የመጀመሪያው ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚሳሳ ጉልበቱ መቀነሱ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየመቶ ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ጤነኛ መኪናም ቢሆን ፋብሪካው የጻፈለትን የፈረስ ጉልበት አይሰጥም። ሁለተኛው ውኃ ቶሎ መፍላቱ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ልዩነት ጠባብ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ የሚቀጥለው ችግር ከዚሁ የሚነሳ ነውና።

1. የሞተር መፍላት

በዚህ አገር አሮጌ ሞተር ከሚሞትባቸው ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ይህ ይመስለኛል። ውኃው 94 ዲግሪ ላይ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በውስጡ ስፕሪንግ አለው፤ ሲስተሙን 0.9 ባር ያህል በሆነ ግፊት አምቆ ይይዛል። በዚህ ግፊት ፍኖተ ሰላም ላይ ውኃው ሳይፈላ እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ መድረስ ይችላል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ግፊቱ ያመልጥና ተመልሰን ወደ 94 እንወርዳለን። ከመለዋወጫዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ይህ ክዳን ውድ የሆነውን ቴስታታ ሊያስበላ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የተደፈነ ራዲያተር ነው። ራዲያተር ውስጥ የብር ወንዝን ወይም የተምጫን ውኃ ለዓመታት የጨመረ ሰው ማዕድኑንና ደለሉንም አብሮ ጨምሯል። ተራ ውኃ ብቻ ሲሆን ደግሞ ከአሉሚኒየም የተሠራውን ቴስታታ ዝገት ይበላዋል። መድኃኒቱ የተጣራ ውኃና የራዲያተር ፈሳሽ (አንቱፍሪዝ) እኩል ቀላቅሎ መጠቀም ነው። እኛ አገር የሚያስፈልገው ለበረዶ ሳይሆን ዝገት ስለሚከላከልና የመፍያ ሙቀቱንም በጥቂት ዲግሪዎች ከፍ ስለሚያደርግ ነው።

ሦስተኛው ቴርሞስታት ነው። ሞተር በፈላ ቁጥር «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» የሚል ምክር በየጋራዡ ይሰማል። ለአንድ ቀን ማምለጫ ሊሆን ይችላል፤ ለዘለቄታው ግን ስህተት ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደጋው ብርድ በቶሎ አይሞቅም። ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ቤንዚን ያባክናል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ፋሻና ፒስቶንም ቶሎ ይበላሉ። አዲስ ቴርሞስታት ከመግጠምዎ በፊት ውኃ ውስጥ ከትተው ያሙቁት። በብዙዎቹ ላይ 82 ዲግሪ የሚል ተጽፎ ያገኛሉ፤ በዚያ ሙቀት አካባቢ መከፈት ካልጀመረ ይመልሱት።

ሞተሩ መንገድ ላይ ቢፈላ ወዲያውኑ ጥግ ይዘው ያጥፉት። ክዳኑን ግን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይንኩ፤ የታመቀው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል። ከዚያም በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በአንድ ጊዜ አይድፉ። የዲኤክስ ሞተር ታችኛው አካል ብረት፣ ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ በሙቀት የሚለጠጡትና የሚኮማተሩት በተለያየ መጠን ስለሆነ ድንገት ሲቀዘቅዙ ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍት ለቴስታታ የሚፈቅዱት መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት አይበልጥም። ከዚያ ካለፈ ጓርኒሲዮኑ ይፈነዳል፣ ውኃ ከዘይት ይቀላቀላል። የእኛ መኪና የሞተችው በዚህ መንገድ ነበር። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል፤ ቀስቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ ሲል የሚሄድ ሰው ጭራሹን የሚቆመው ዳገቱ ላይ ነው።

2. ዘይት መብላትና የጭስ ቀለም

ከማርሚታ የሚወጣ ጭስ የሞተሩን የውስጥ ጤና ይናገራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ጠዋት ሲነሳ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለቀው እንደገና ሲረግጡ ብቻ ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው የቫልቮላ ጎማዎች ነው፤ ጥገናው ያን ያህል አይከብድም። ዳገት ላይ፣ ነዳጅ በረገጡ ቁጥር የሚያጨስ ከሆነ ግን ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል። ይህ ሞተር የሚያስወርድ ነው።

ጥቁር ጭስ የቤንዚን ብዛት ምልክት ነው። ካርቡራተሩ ያለ ልክ ያፈሳል ወይም የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል። ከፍታ በራሱ ቅልቅሉን ስለሚያበዛው በቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ላይ ጥቁር ቢያጨስ አያስገርምም፤ ማስተካከል ይበቃዋል። ነጭ ጭስ ግን ሰውን ያሳስታል። በደብረ ማርቆስ ወይም በደጋ ዳሞት ብርድ ጠዋት ላይ ታይቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ነጭ ጭስ ተራ እንፋሎት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ከሆነ ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው።

ዘመናዊ መሆን ከዚህ ችግር አያድንም። በተለምዶ «ኤግዚኪዩቲቭ» የምንለው የ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ ከሚመጣባቸው ሞተሮች አንዱ የሆነው 1ዜድዜድ-ኤፍኢ የተባለው 1.8 ሊትር ሞተር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ ዘይት በመብላት በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። ዘይት ወደ ታች የሚመልሱት የፒስቶኑ ቀዳዳዎች ትንንሽ ስለነበሩ በቃጠሎ ጥቀርሻ ይደፈናሉ፤ ዘይቱም ሽቅብ ይወጣና ይቃጠላል። አምራቹ ፒስቶኑን በኋላ አሻሽሎታል። ይህን ሞተር የገዛ ሰው በየሳምንቱ የዘይት መለኪያውን መምዘዝ አለበት።

3. ማንኳኳትና የዘይት ግፊት

ከሞተሩ ግርጌ፣ ነዳጅ ሲረግጡ የሚሰማ ጥልቅ «ዱክ፣ ዱክ» የሚል ድምፅ የብሮንዚና መበላት ምልክት ነው። ብሮንዚና ማለት በኮሎውና በቤላው መካከል ያለው ስስ ብረት ነው። የካንዴላ ገመዶችን በየተራ እየነቀሉ ቢያዳምጡ ድምፁ የሚቀንስበት ሲሊንደር የታመመው ነው። ከላይ የሚሰማ ቀጭን «ቲክ፣ ቲክ» ግን በአብዛኛው የቫልቮላ ክፍተት መስፋት ነው። በዲኤክሷ 4ኬ ሞተር ላይ ክፍተቱ ሞተሩ ሞቆ እያለ ለመሳቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ይህን ማስተካከል ለጥሩ መካኒክ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይደለም።

ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራና በደንብ ሲሞቅ የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ የዘይቱ ግፊት ወርዷል። ነጋዴው ይህን የሚደብቀው በጣም ወፍራም ዘይት ወይም ማወፈሪያ ቅመም በመጨመር ነው። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ «ሰዓት ማለት ነው» ያስባለንም ይኸው ይመስለኛል። ለአሮጌ ሞተር 20ደብሊው-50 የሚባለው ዘይት ተስማሚ ነው። ከዚያ በላይ የሚወፍር ዘይት ግን ጠዋት ወደ ላይኛው ክፍል ቶሎ አይደርስም። ከሁሉም በላይ ግን ዘይቱንና ፊልትሮውን በጊዜው መቀየር፣ ማሸጊያው የተነካካ ጣሳም አለመግዛት ይጠቅማል።

4. አልነሳ ማለትና ጉልበት ማጣት

የድሮዎቹ መኪኖች በፑንቲና የሚሠሩ ናቸው። ፑንቲናው ሲቃጠል ወይም ክፍተቱ ሲዛባ መኪናዋ አልነሳም ትላለች፣ ብትነሳም ትንቀጠቀጣለች። የ4ኬ ፑንቲና ክፍተት 0.45 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው ደግሞ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሳት የሚሰጥበት ተራም 1-3-4-2 ነው። ባለ መኪናው ይህችን ቁጥር ቢያውቅ አይጎዳም። የገመዶቹን ቦታ ያሳሳተ ጀማሪ መካኒክ ሞተሩን አስወርዶ እንዳያስከፍለው ያድነዋል።

ከዓባይ በረሃ ሽቅብ ሲወጡ የሚያጋጥም ሌላ ተንኮለኛ ችግር አለ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ከታች ሙቀት፣ ከዚያ ዳገት፣ ከዚያ የአየር ግፊት መቀነስ ይከተላሉ። ሦስቱ ሲደመሩ ቤንዚኑ በመስመሩና በፖምፓው ውስጥ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ፖምፓው እንፋሎት መግፋት ስለማይችል መኪናዋ ነዳጅ እያላት ትቆማለች። የድሮ ሾፌሮች እርጥብ ጨርቅ በቤንዚን ፖምፓው ላይ ጠቅልለው ሩብ ሰዓት የሚጠብቁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትክክለኛ ፊዚክስ ነው። ቤንዚን አልቋል ወይም ፖምፓ ተቃጥሏል ብሎ ከመደምደም በፊት ይህን መሞከር ያሻል።

ቁልቁለቱንም በፎሌ መውረድ የለመዱ አሉ። ቤንዚን ለመቆጠብ ተብሎ ፍሬን ይቃጠላል። በማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፤ ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ግን በሕይወት መጫወት ነው።

ነዳጅ ሲጠፋ በፕላስቲክ ጠርሙስና በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚን ሌላው ጠንቅ ነው። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ያስነሳል፤ ነገር ግን ዳገት ላይ ሞተሩን ያስንኳኳል፣ ፒስቶንም ሊበሳ ይችላል። ውኃ የገባበት ደግሞ በካርቡራተሩ ጎድጓዳ ውስጥ ይተኛል። የግድ ከሆነ በመስታወት ጠርሙስ ጥቂት ቀድተው አስቀምጠው ይመልከቱ፤ ውኃ ካለው ከታች ይለያል።

5. አቧራና ጎርፍ

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ያለው አስፋልት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የበርበሬውና የበቆሎው ሥራ ያለው ግን ከአስፋልቱ ወዲያ፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ፣ ከጅጋ ወደ ቋሪት፣ ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት ነው። በበጋ የሚነሳው ደቃቅ አቧራ ለሞተር እንደ ሞረድ ነው። የአየር ፊልትሮው ከተቀደደ ወይም ማቀፊያው በደንብ ካልገጠመ አቧራው ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ፋሻውንና ሲሊንደሩን ይሞርዳል። ብዙ ሰው ፊልትሮውን በኮምፕረሰር እያስነፋ ለዓመታት ይጠቀምበታል። በኃይል የተነፋ የወረቀት ፊልትሮ ለዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያበጃል፤ ንጹሕ መስሎ አቧራውን ያሳልፋል። የአንድ ፊልትሮ ዋጋና የአንድ ሞተር እድሳት ለንጽጽር እንኳ አይቀርቡም።

በክረምት ደግሞ ሞልቶ የሚሻገር ጅረት አለ። ሞተሩ በአየር መሳቢያው ውኃ ከማገ፣ ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ቤላው ይታጠፋል። ውኃ ውስጥ የጠፋን ሞተር ደግሞ ደጋግሞ ለማስነሳት አይሞክሩ። ካንዴላዎቹን አስወልቀው፣ ውኃውን አስወጥተው፣ ዘይቱን አይተው ብቻ ያስነሱ።

6. የታይሚንግ ቺንጊያ

ዲኤክስ የምትጠቀመው በሰንሰለት ነው። ሰንሰለት ሲላላ በጩኸት ያስጠነቅቃል። ከእሷ በኋላ የመጡት ባለ 12 ቫልቭ 2ኢ እና ባለ 16 ቫልቭ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተሮች ግን የጎማ ቺንጊያ ያላቸው ናቸው፤ ቺንጊያ ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል። በልማድ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይቀየራል ይባላል። ነገር ግን የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ በሚመለስበት ገበያ ይህን ቁጥር ማመን አይቻልም። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለ፣ በገዙ በሳምንቱ ያስቀይሩት። ቪትዝን የመሳሰሉት አዳዲሶቹ እንደገና ወደ ሰንሰለት ተመልሰዋል። እነሱን የሚገድላቸው ዘይት ሳይቀየር መቆየቱ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት፦ የአንድ ሰዓት ምርመራ

የሚከተሉትን በዚሁ ቅደም ተከተል ቢያደርጉ እኛን ያጋጠመን አያጋጥምዎትም።

አንደኛ፣ መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ይዩት። ሲደርሱ ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ። ሁለተኛ፣ ከማስነሳትዎ በፊት የራዲያተሩን ክዳንና የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ይመልከቱ። ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም ከክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ከተገኘ ድርድሩ እዚያው ያብቃ። ሦስተኛ፣ ሲያስነሱ ከኋላ ቆሞ የጭሱን ቀለም የሚያይ ሰው ይኑርዎት። አራተኛ፣ በደንብ እስኪሞቅ ይንዱት፤ ዳገት ይምረጡ። ሲመለሱ የዘይት መብራቱንና የሙቀት ቀስቱን በሚኒሞ ይመልከቱ።

አምስተኛው ዋናው ነው፤ ኮምፕረሲዮን ያስለኩ። አዲስ አበባም ሆነ ፍኖተ ሰላም የሚነበበው ቁጥር በመጽሐፉ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ቢያንስ አይደንግጡ፤ የከፍታው ጉዳይ ነው። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የቶዮታ መጻሕፍት የሚፈቅዱት ልዩነት አንድ ባር ያህል ነው። አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው፣ ካላለ ቫልቮላው ተበልቷል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ዝቅ ካሉ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። ለዚህ ሁሉ ለመካኒኩ የሚከፈለው የአንድ ጎማ ዋጋ እንኳ አይሆንም። መካኒኩን ግን እርስዎ ይምረጡት፤ ደላላው የሚያመጣው መካኒክ የደላላው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው ዋስትና መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ የተደበቀ የሞተር ጉድለት የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሕግ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሕጉ የተኛን ገዢ አይረዳም። ገዢ ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት መመርመር፣ ጉድለቱን ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ክሱንም ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይኖርበታል። ሲገዛ ያወቀውን ወይም ዓይን ያለው ሁሉ የሚያየውን ጉድለት በኋላ ቢያነሳ ሰሚ አያገኝም።

በውሉ ውስጥ «ባለበት ሁኔታ አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትለዋ ሐረግ በሁሉም ቅጽ ላይ አለች። ዋስትናውን የምታስቀረው እሷ ነች። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በማታለል ከደበቀ ሐረጓ አታድነውም፤ ማወቁን ማስረዳት ግን የገዢው ዕዳ ነው። የእህቴ ልጅ ያሳደረው እዚህ ላይ ነበር። የተበየደ ቴስታታ አለን፤ ሻጩ ያስበየደው መሆኑን የሚናገር ምስክር ግን የለንም። መፍትሔው ቀላል ነበር። «ሻጭ ሞተሩ ወርዶ ያልተጠገነ፣ ውኃና ዘይት የማይቀላቅል መሆኑን ያረጋግጣል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በውሉ ማስገባት። ሻጩ ይህን ለመፈረም ካንገራገረ ለሞተሩ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ሁለት ነገሮችን ልጨምር። በመጀመሪያ፣ የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ራስዎ ያመሳክሩ። በብዙ አሮጌ ዲኤክሶች ላይ የበፊቱ 4ኬ ወጥቶ 1.5 ሊትሩ 5ኬ ወይም ከሱማሌ ተራ የመጣ ሌላ ሞተር ተገጥሟል። ሞተር መቀየሩ በራሱ ነውር የለውም፤ ለውጡ በሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ግን ስም ማዞርና ዓመታዊ ምርመራ ላይ ያስቸግራል። ቀጥሎ፣ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ዋጋ ዝቅ ያለ ዋጋ አይጻፉ። ሕገ ወጥ መሆኑ ብቻ አይደለም። ውሉ ቢፈርስ ተመላሽ የሚጠይቁት የተጻፈውን ነው። እኛ ውል ላይ ሰባ ሺህ ብር ሲጻፍ፣ ሕግ አዋቂው እኔ ዝም ብዬ ተመለከትኩ። ክስ ያላቀረብነውም በዋናነት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሞተሩን ለማደስ ያወጣነው እንኳ ከዚያ አያንስም ነበር።

በመጨረሻም

መኪናዋ ታድሳ ሥራ ጀምራለች። የዕቁቡን ዕዳ ለመክፈል ግን ልጁ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሊያገባ ያሰበው ሠርግም አብሮ ተላልፏል። አንድ የተበላ የራዲያተር ክዳንና አንድ ያልተነበበ የዘይት መለኪያ የአንድን ቤተሰብ ሕይወት ይህን ያህል ሊያዘገዩ ይችላሉ።

እኛ የተማርን የምንባል ሰዎች ለወረቀት ትልቅ አክብሮት አለን። ማኅተሙ ትክክል ከሆነ ነገሩም ትክክል ይመስለናል። ያንን መካኒክ በኋላ «ዘንጉን ብቻ አይተህ እንዴት አወቅህ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ሊብሬ እንደሚያነቡት ነው» አለኝ። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ሁለቱንም ንባብ ይዞ ይሂድ፤ አንዱን የማይችል ከሆነ የሚችለውን ሰው ይዞ ይሂድ።